የወለቃ አንበሳ ስንት ያወጣል?

ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ አንድ የፕላስቲክ አሻንጉሊት በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ ጨረታ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። አሻንጉሊቱ «ቦባ ፌት» የተባለውን የ«ስታር ዎርስ» ፊልም ገጸ ባሕርይ የሚመስል ሲሆን፣ ጀርባው ላይ በሞላ ኃይል የሚወነጨፍ ትንሽ ሮኬት አለው። አምራቹ ኬነር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን አሻንጉሊት በፖስታ እልካለሁ ብሎ ማስታወቂያ ካስነገረ በኋላ፣ ሮኬቱ የሕፃን ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል የሚል ስጋት በመነሣቱ ሮኬት የሚወነጭፈውን ዓይነት ገበያ ላይ ሳያውለው ቀርቷል። የተረፉት ለሙከራ የተሠሩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። አንድም ሕፃን ተጫውቶበት የማያውቅ መጫወቻ ከዘመናዊ ቪላ ጋር በዋጋ ተስተካከለ ማለት ነው።

ይህን የሰማ የደባርቅ ወይም የዳባት ነጋዴ «ፈረንጅ ገንዘብ ተርፎት ነው» ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የገንዘብ መትረፍ ብቻ አይደለም። የእነዚህ ትናንሽ መጫወቻዎች ገበያ የቆመው በመዝገብ ላይ ነው። የትኛው ምስል በየትኛው ዓመት እንደ ወጣ፣ በየትኛው ካርቶን ላይ እንደ ተለጠፈ፣ የትኛው ክፍሉ መቼ እንደ ተለወጠ ሰብሳቢው ሁሉ ያውቃል። ለምሳሌ ያህል «ጃዋ» የሚባለው አጭር ገጸ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ሲወጣ የለበሰው የፕላስቲክ ካባ ነበር። ኩባንያው ካባው ርካሽ መሰለበትና ወዲያው በጨርቅ ለወጠው። ዛሬ ውድ የሆነው ያ ርካሽ የመሰለው ፕላስቲክ ለባሹ ነው፤ ቁጥሩ አነስተኛ መሆኑ ይታወቃላ! ካባውን አስመስለው እየቆረጡ የሚያታልሉ በመብዛታቸውም ምስሉን መርምረው ነጥብ የሚሰጡና በጠራ ሣጥን አሽገው የሚመልሱ ደረጃ መዳቢ ድርጅቶች ተፈጥረዋል። ይኸው ኬነር እ.ኤ.አ. በ1977 ለገና በዓል ምስሎቹን ማድረስ ስላልቻለ ባዶ ካርቶን ከነ ደረሰኙ ሸጦ እንደ ነበርም ሳይጠቀስ አይታለፍም። ወላጆች ባዶውን ገዙት። ያ ባዶ ካርቶን ራሱ ዛሬ የሚሰበሰብ ዕቃ ሆኗል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ከተማዋን ለቅቆ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደ ተጓዘ ወለቃን ያገኛል። መንገዱ ከዚያ በዳባት በኩል አድርጎ፣ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ከዚያ ወዲያ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ድብ ባሕር ይወርዳል፤ አልፎም ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይቀጥላል። በሰላሙ ጊዜ ከጎንደር ወደ አክሱም በመኪና የሚሄደው ጎብኚ የሚያልፈው በዚሁ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ የሚሸጥ፣ ከዘንባባ መዳፍ ሳይሆን ከሰው መዳፍ የማይበልጥ አንድ ዕቃ አለ፤ የወለቃ የሸክላ ምስል።

ምስሎቹን ያላየ ካለ በአጭሩ እንዲህ ናቸው። ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ። መጽሐፍ ያቀፈ ካህን አለ። እንስራ ያዘለች ሴት፣ ልጇን የታቀፈች እናት፣ ወፍ፣ አንዳንዴም ባለ ስድስት ማዕዘን ኮከብ የተቀረጸበት አንበሳ ይገኛል። ከሁሉም የሚታወቀው ግን ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ጎን ለጎን ተጋድመው የሚያሳየው ነው። ጎብኚዎች ይህን አይተው ይስቃሉ፤ ስቀውም ይገዛሉ። እነ «ስታር ዎርስ» ተረታቸውን የፈጠሩት በፊልም ቤት ነው። የወለቃ ሴቶች ግን ዓለም የሚያውቀውን የአገር ትረካ በጭቃ እያሳጠሩ ሲሸጡ ኖረዋል። የንድፍ ባለቤትነት ክፍያ የማይጠየቅበት፣ ማስታወቂያው በመጽሐፍ ቅዱስ የተነገረ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል?

የእነዚህ ምስሎች መነሻ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሙያ ነው። ማኅበረሰቡ «ፈላሻ» እየተባለ ይጠራ የነበረ ሲሆን ይህን ስያሜ ራሱ አይወደውም። ለረጅም ዘመን ርስት እንዳይኖረው በመደረጉ ወንዱ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ሆነው ኖረዋል። ሥራቸው ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱና እንስራው ነበር። ጎብኚ ወደ ጎንደር መጉረፍ በጀመረበት በንጉሡ ዘመን የመጨረሻ ዓመታት ግን ትንንሾቹ ምስሎች የራሳቸው ገበያ አገኙ። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከዚያም በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰዱ፣ ሙያው ከባለሙያዎቹ ጋር አብሮ ሄደ ተብሎ ነበር። አልሄደም። በጉርብትና ያዩ የክርስቲያን ሴቶች ያዙት። በኋላም በዚያው በወለቃ ፕላውሼር የተባለ የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቁሞ ችግረኛ ሴቶችን ሸክላና ሽመና ሲያስተምር ቆይቷል።

የዋጋው ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1960 ዓ.ም. አካባቢ አንዲት የቤተ እስራኤል ሴት የሠራችው አንበሳና ባለፉት ዐሥር ዓመታት አንዲት ጎረቤቷ የሠራችው አንበሳ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ገዢው የቱ የቱ እንደ ሆነ በምን ይለያል? ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ያለ መሽከርከሪያ በእጅ የተበጁ፣ በድንጋይ ታሽተው የለሰለሱ፣ በደረቅ እበትና በእንጨት እሳት የተቃጠሉ ናቸው። ከሥራቸው የተጻፈ ነገር የለም። የሠሪዋ ስም የለም። ዓመተ ምሕረት የለም። በመንገድ ዳር ያለው ምልክት ግን ለብዙ ዓመታት «ፈላሻ መንደር» ሲል የኖረ በመሆኑ፣ ሁሉም በአንድ ስም ይሸጣል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ በሽታ ያወሳል። ገዢው ጥሩውን መኪና ከመጥፎው መለየት ካልቻለ የሚከፍለው አማካይ ዋጋ ነው። በአማካይ ዋጋ የጥሩ መኪና ባለቤት ይከስራልና ዕቃውን ይዞ ከገበያ ይወጣል፤ ገበያው ላይ የሚቀረው መናኛው ይሆናል። ምሁሩ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የወለቃን መንገድ ቢያይ ኖሮ መኪና ድረስ መሄድ ባላስፈለገው ነበር። አንገቷን ደፍታ የአንበሳውን ጋማ በእሾህ ጫፍ የምትቀርጸውና ሁለት ጭቃ አጣብቃ «አንበሳ ነው» የምትለው እኩል ይከፈላቸዋል። እኩል እስከ ተከፈላቸው ድረስ የመጀመሪያዋ ጋማውን መቅረጽ ብትተው ጥፋቷ ምን ላይ ነው?

ሒሳቡን ለናሙና እናስላው። አንዲት ሴት 20 ምስል ብትሠራና 6ቱ እሳት ላይ ቢሰነጠቁባት 14 ይቀራታል። ለነጋዴ በ50 ብር ሒሳብ ብታስረክብ 700 ብር ታገኛለች። ከዚህ ላይ የማገዶውና የአፈር ማመላለሻው ይነሣል። ነጋዴው እያንዳንዱን 200 ብር ቢሸጥ 2,800 ብር ይሰበስባል። አሁን ሴትዮዋ ጊዜ ወስዳ ሥራዋን ብታጠራና ከ20ው 10 ብቻ ብትሠራ፣ ገቢዋ በግማሽ ይወርዳል እንጂ የአንዱ ዋጋ አያድግላትም። ጥራት የሚያስቀጣ ገበያ ማለት ይህ ነው። ነጋዴውን ሌባ ማለት ይቀላል፤ ነገር ግን እሱም ቢሆን «ይህ የእገሊት ሥራ ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርበት ማስረጃ በእጁ የለም።

አንዳንዶች ስም ያልተጻፈው መጻፍ ስለማይችሉ ነው ይላሉ። ከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ በደፈናው ሊታለፍም አይገባም። በሰሜን ጎንደር አገር ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ «ቡዳ» ሲባል ኖሯል። ጀበናዋን የሚገዛት ሰው እጇን መጨበጥ ይፈራ ነበር። ስሙ እንደ ስድብ የሚነገርበት ሰው ሥራው ላይ ስሙን አይጽፍም። የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሄዱ በኋላ ሙያውን የያዙት ሴቶች ደግሞ ከሙያው ጋር ስድቡንም የመውረስ ስጋት ነበረባቸው፤ በገበያ ደግሞ የሌላ ማኅበረሰብን ስም ለብሰው መሸጥ ነበረባቸው። የሄደችው ያለ ስም ቀረች፤ የቀረችውም በሰው ስም ትሸጣለች። የአንበሳው ዋጋ ዝቅ ያለው ጭቃው ስለ ረከሰ ሳይሆን ሠሪዋ ስለ ተናቀች ነው ማለት ይቻላል። ንቀት በሒሳብ መዝገብ ላይ አይሰፍርም እንጂ ኪሳራው ከቀረጥ ይበልጣል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። «ጎብኚው የሚገዛው የቤተ እስራኤልን ታሪክ ነው፤ ዛሬ የምትሠራው ክርስቲያን ናት ብላችሁ ብትነግሩት ጥሎት ይሄዳል» የሚሉ አሉ። ለአንድ ሰሞን እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሁለት ገዢዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ መንገደኛ ነው፤ አንድ አንበሳ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለተኛ አይመለስም። ሌላው ሰብሳቢ ነው፤ አንዱን ሲያገኝ ሁለተኛውን ይፈልጋል፤ ያጣውን ይጠይቃል፤ ከሌላ ሰብሳቢ ጋር ይለዋወጣል፤ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሰብሳቢ ውሸትን ይቅር አይልም። የ«ጃዋ»ን ሐሰተኛ ካባ በአጉሊ መነጽር የሚመረምር ሰው «የፈላሻ» ተብሎ የተሸጠለት ምስል በ2005 ዓ.ም. የተሠራ መሆኑን የደረሰበት ዕለት ያንን መንደር በሙሉ ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል። በአንጻሩ «ሙያው የቤተ እስራኤል፣ ሠሪዋ እገሊት፣ ዘመኑ ይህ» የሚል ምስል ለሰብሳቢ ሁለት ታሪክ ይሸጣል። ከ1983 ዓ.ም. በፊት የተሠራው ብርቅ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የተሠራው የራሱ ዘመን ያለው ሌላ ተራ ይሆናል። ሰብሳቢ ደግሞ የሚወደው ተራውን መሙላት ነው።

«የድሮ ነው፤ የአያቴ ነው» የሚለው የሻጭ ዘዴም ጉዳቱ ለሻጩ ጭምር ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቦሌ ላይ የቆመ ፈታሽ ከሻንጣ ውስጥ ጥቁር የሸክላ ካህን ሲያገኝ፣ ከሥሩ ምንም ካልተጻፈበት አዲስ ይሁን የጥንት በምን ያውቃል? ገዢውም «የጥንት ነው ብለውኛል» ብሎ ራሱ ላይ ይመሰክራል። ዕቃው ይያዝበታል፤ ጊዜው ይባክናል፤ አገሩ ገብቶ ለወዳጁ የሚያወራው ስለ አንበሳው ውበት ሳይሆን ስለ ፈታሹ ይሆናል። ሥሩ ላይ «2017» የሚል ቁጥር ቢኖር ክርክሩ ባልተነሣ ነበር።

አሮጌ ምስል በእጁ ያለ ሰው እንዴት ይገምተው? በቤተሰብ የቆየ፣ ወይም በውጭ ከሚኖር ዘመድ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ሙሉነቱ ነው። ጆሮ፣ ጅራትና እግር ቶሎ የሚሰበሩ ናቸው፤ ተሰብሮ በሙጫ የተጣበቀ ደግሞ በጣት ሲዳሰስ ያስታውቃል። ቀጥሎ አርእስቱ ነው፤ አንበሳ ብዙ ነው፤ ያልተለመደ ምስል ግን ጥቂት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አብሮት ያለው ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት የሰላም ጓድ መምህራን አንዱ ከገዛው በኋላ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፎቶግራፍ አንሥቶት ከሆነ፣ ፎቶግራፉ ከምስሉ እኩል ዋጋ አለው። ማጠብ ክልክል ነው። በዘይት መወልወልም እንዲሁ፤ ሻጮች ማብለጭለጭ ይወዳሉ፤ ሰብሳቢ ግን የቆየውን ጥቀርሻ ይፈልገዋል። መጫወቻ ሰብሳቢዎች ካርቶኑን የማይከፍቱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ጎብኚ በጠፋበት ጊዜ ስለ ምስል ዋጋ መጨነቅ ቅንጦት ይመስላል የሚል አንባቢ እንደሚኖር አይጠረጠርም። በእርግጥም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ዘልቆ ብዙ ሕይወት ቀጥፏል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የጎንደርንና የደባርቅን የጉብኝት ሥራ ክፉኛ አድቅቆታል። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ሲወጣ ደስታ ነበር። ደስታው ገበያ ሳይሆን ነው ችግሩ የደረሰው። ነገር ግን ሸክላ እንደ ቲማቲም አይበላሽም። ገዢ በሌለበት ወራት ሊከማች የሚችል ሸቀጥ ነው። ጉዳቱ ያለው ከሌላ ወገን ነው፤ የቸገራት ሴት አክማችታ መጠበቅ አትችልምና በተገኘው ዋጋ ትሰጣለች። የቤት ዕቃው ገበያ ደግሞ ከእጇ እየወጣ ነው። እንስራን ጀሪካን ተክቶታል፤ ድስቱን የአልሙኒየሙ ገፍቶታል። የሚቀራት ጀበናና ምጣድ ነው። ምስሉ ፕላስቲክ ሊተካው የማይችለው ሥራዋ ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም፤ ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ለሰሌዳ መትከያ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። በቂው ነገር አንድ የእንጨት ማኅተም ነው። ሠሪዋ ስሟን መጻፍ ባትችል እንኳ የራሷን ምልክት፣ መስቀል ይሁን ቅጠል ይሁን ሦስት ነጥብ፣ እንጨት ላይ ታስቀርጻለች። ምስሉ ሳይደርቅ ሥሩ ላይ ትጫነዋለች። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ምልክቱን ከነ ስሟ በአንድ ደብተር ይይዛል። ደብተሩ ዛሬ ዋጋ ላይኖረው ይችላል፤ ከ30 ዓመት በኋላ ግን ሰብሳቢ ፍለጋ የሚመጣበት እሱ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ካልጀመሩት ግን አይሠራም፤ ብቻዋን የጀመረች ሴት «ምልክት ያለበት ለምን ተወደደ?» ተብላ ከነ ዕቃዋ ትቀመጣለች። ስለዚህ መጀመር ያለባቸው በብዛት የሚገዙት፣ የጎንደርና የደባርቅ ሆቴሎች ሱቆችና የአዲስ አበባ የቅርሳ ቅርስ ነጋዴዎች፣ ምልክት የሌለበትን አንረከብም በማለት ነው።

ስለ አርእስትም አንድ ነገር መባል አለበት። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በስተቀር በዓለም የትም በዱር አይኖርም። የብሔራዊ እግር ኳስ ቡድናችን መጠሪያ ነው። ጭላዳም ቢሆን የኢትዮጵያ ደጋ እንጂ የሌላ አይደለም። ደባርቅ ድረስ የመጣ ጎብኚ ሦስት ቀን ገደል ለገደል ሲከተላቸው የሰነበተው እነዚህን እንስሳት ነው። ሲመለስ የሚቀርብለት ግን አንበሳ ነው፤ አንበሳ ደግሞ ናይሮቢም ይሸጣል። እርግጥ ነው የዋልያ ቀንድ በሸክላ ሲሠራ ቶሎ ይሰበራል። የሰሎሞን አልጋን አራት እግር ያለ ስብራት ከእሳት የሚያወጣ እጅ ግን ቀንዱን ወደ ጀርባ አጣብቆ ማውጣት አያቅተውም።

መሰበር ሲነሣ የመንገዱ ነገር ይመጣል። ሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ ድብ ባሕር የደረሰ መኪና ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ የሸክላ ካህን አንገቱ ደኅና ሆኖ መገኘቱ ዕድል ነው። መጫወቻ ሻጮቹ ካርቶኑን ከመጫወቻው እኩል ያስጌጡት ያለ ነገር አይደለም። ደባርቅ ውስጥና በፓርኩ መንገድ ላይ ልጆች ከሱፍ የተሠራ ቆብና ከሣር የተሰፋ ክዳን ያለው ትንሽ ሙዳይ ይዘው ጎብኚን ሲከተሉ ይታያሉ። ሙዳዩን የሚገዛው ሰው ምን እንደሚያስቀምጥበት አያውቅም፤ አንበሳውን የሚገዛው ደግሞ በምን እንደሚይዘው አያውቅም። ሁለቱ ሻጮች በአንድ መንገድ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ተራርቀው አንድ ደንበኛ ያሳድዳሉ። አንድ ነጋዴ ከደባርቅ ሙዳይ፣ ከወለቃ ምስል ገዝቶ፣ ጭድ ጎዝጉዞ፣ የሠሪዋን ምልክትና የሰፊዋን ስም በብጣሽ ወረቀት ከውስጥ ቢያስቀምጥ፣ የሁለቱን ዋጋ ደምሮ የተወሰነ ብር መጨመር የሚከለክለው የለም። የጎንደር–ደባርቅ መንገድ ሰላም ሆኖ የመጀመሪያው የጎብኚ አውቶቡስ ሲያልፍ የሚጠብቀው ዕቃ ካለ፣ የሚሠራው አሁን ነው፤ ጭቃው የሚማስበት በጋ እንዳያልፍ።